ግልጽ ደብዳቤ፦ ለአንኮበሩ የገደል እሬት ማን ይጠይቅለት?

ለኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ክቡራን የኢንስቲትዩቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ስለ አንድ እሬት ልጽፍላችሁ ነው። እሬት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለውን፣ እናቶች ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡትን ነው። አለዚያም ጄሉ በየሱቁ የሚሸጠውን አሎ ቬራ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደጋው ድንገት ወደ ቆላ በሚወርድበት በአንኮበር ገደል ላይ የሚኖረውን ነው። በሳይንሱ ስም አሎ አንኮበረንሲስ ይባላል። ስሙን ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1997 ማይክል ጊልበርትና የእኛው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም።

ይህ እሬት እንደ ሌሎቹ ቀጥ ብሎ አይቆምም። 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ ወጥቶ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ግንዱ ብዙ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ሲያብብ ብርቱካንማ ቀይ ነው። ጉም ባልሸፈነው ቀን ከሩቅ ይታያል፤ የአንኮበርን ጉም የሚያውቅ ግን ያ ቀን እንዴት እንደሚናፈቅ ያውቃል።

እስከ ዛሬ የጠበቀው ገደሉ ነው። ከብት አይደርስበትም፣ ምሳርም አይደርስበትም። ችግሩ ግን ይኸው ገደል ማንም የማይቆጥረው መሬት መሆኑ ነው። አይታረስ፣ ግጦሽ አይሆን፣ ደን አይባል። ከደብረ ሲና ወዲህ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ስምም ወሰንም አለው። ለጥዱና ለዝግባው የሚቆረቆር ሰው አይጠፋም። ለገደሉ ግን ማን ይቆረቆራል? ሰው ገደልን የሚያስታውሰው ድንጋይ ሲፈልግ ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ ለግንባታ ጥቁር ድንጋይ ሲወጣ፣ ድማሚት የሚቀበረው እዚያ ነው። የሚኖርበት ቦታ እንዲህ ጠባብ ለሆነ ተክል አንድ ያልታሰበበት ፈቃድ ትልቅ ጉዳት ነው። ከገደሉ አፋፍና ከግርጌው የሚተከለው ባሕር ዛፍም ሲያድግ ፀሐይ ይከለክለዋል።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። ከአሎ ቬራና ይበልጥ ጥብቅ በሆነው አንደኛ ዝርዝር ውስጥ ካሉ ጥቂቶች በቀር የእሬት ዝርያዎች በሙሉ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። አገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። እንግዲህ አንድ ሰው እሬቱን ነቅሎ በሻንጣ ከአገር ሊያስወጣ ቢሞክር ቦሌ ላይ የሚጠይቀው ሕግ አለ። ገደሉን ከነእሬቱ የሚያፈርሰውን ግን ያ ስምምነት አይመለከተውም። ስምምነቱ ስለ ንግድ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አብዛኞቹ እሬቶች በራሳቸው የአበባ ብናኝ ዘር አይቋጥሩም። የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎችና ነፍሳት ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ብናኙን ማድረስ አለባቸው። ስለዚህ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ቀርቶ ቢታይ «አለ እኮ» ብሎ መጽናናት አይቻልም። ተራርቀው የቀሩት ያለ ልጅ የሚያረጁ ናቸው።

እና ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት በአበባው ወቅት ባለሙያ ልካችሁ ገደሉን አስቃኙልን። ዛሬ ድሮን ለሠርግ እንኳ ይነሳል፤ ለዚህ ቢውል አይበዛበትም። የት የት እንዳለ ሲታወቅ ካርታው መሳቢያ ውስጥ አይቅር። የድንጋይ ማውጫ ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይድረስ። ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት ካርታውን ማየት ግዴታው ይሁን። እኔ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይፈጸምልህ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ዘሩን በጂን ባንካችሁ ማስቀመጥ፣ ቁራጩን ደግሞ በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ማልማት መልካም ነው። ሆኖም ማሰሮ ውስጥ የበቀለ እሬት ለገደሉ ምትክ አይሆንም፤ መጠባበቂያ ነው። ቁራጭ ሲወሰድም የአካባቢው ገበሬ ይጠየቅ፣ ይወቅ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰቡን መብት ያወቀ ሕግ ነው። ችግኙን አፍልተው መሸጥ የሚፈልጉ ወጣቶች ቢገኙ ደግሞ በሕጋዊ መንገድ እንዲሠሩ እርዷቸው። ከዱሩ እየነቀሉ ከመሸጥ ይሻላል።

ቅኝቱ ተጀምሮ ከሆነ እሰየው፤ ውጤቱን ለሕዝብ አሳውቁን። ካልተጀመረ ደግሞ መቼ እንደሚጀመር በጽሑፍ ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሰሜን ሸዋ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአንኮበር ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት