መሬታችንን አስራችሁ ስለተዋችሁት ሶላር የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የመሬት ሊዝ ክፍል
ሚኒሶታ

ጤና ይስጥልን። ይሄን በአማርኛ የምንጽፈው መጀመሪያ ቤታችን መጥቶ ቡና ጠጥቶ ያግባባንና ያስፈረመን የራሳችሁ ሐበሻ ሠራተኛ ስለሆነና በእንግሊዝኛ የላክናቸውን ኢሜሎች የሚመልስ ስለጠፋ ነው፣ እሱው ተርጉሞ ለአለቆቹ ያቅርብልን።

እኔና ወንድሜ 40 ኤከር እርሻችን ላይ 5 ሜጋዋት ኮሚኒቲ ሶላር (ብዙ ሰው ተመዝግቦ የሚጋራው የፀሐይ ኤሌክትሪክ ማመንጫ) ትተክላላችሁ ተብለን ኦፕሽን ፈረምን፣ ማለትም መሬቱን ወደፊት የመከራየት መብት ሰጠናችሁ። ኦፕሽን ሊዝ እንዳልሆነ፣ ዋናው ኪራይ ግንባታ ሲጀመር እንጂ ከዛ በፊት እንደማይከፈል ጠበቃችን አስረድቶናል፣ እሱ ላይ ክርክር የለንም። እሺ ያልነውም ለኪራዩ ብቻ አይደለም። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አፓርታማ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ወገናችን ፓነል የሚሰቅልበት ጣራ የለውም፣ ኮሚኒቲ ሶላር ላይ ከተመዘገበ ግን ከኤሌክትሪክ ቢሉ ላይ ይቀነስለታል፣ የ2023ቱ የሚኒሶታ ሕግ ደሞ ገቢው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆነ ሰው ቅድሚያ ሰጥቷል። ይሄ ጥሩ ነገር ነው ብለን ነው የገባንበት፣ አሁንም ጥሩ ነው እንላለን።

ቅሬታችን ከፈረምን በኋላ የሆነው ነው። ኦፕሽኑን የካውንቲው መሬት መዝጋቢ (ሪከርደር) ጋ ወዲያው አስመዘገባችሁት፣ እሱ ላይ ፈጣን ናችሁ። ከዛ ጠፋችሁ። ወንድሜ ባንክ ሄዶ በመሬቱ ሊበደር ሲል መዝገቡ ላይ የናንተ ስም ወጣ፣ ባንኩም ከናንተ የተፈረመ ወረቀት ካልመጣ አልሰጥም አለው፣ እናንተ ደሞ ስልክ አታነሱ። መሸጥም ብንፈልግ ያው ነው። በገዛ መሬታችን የናንተን ፈቃድ ለማኝ ሆነናል ማለት ነው፣ ለዚህ የምትከፍሉን ደሞ ያቺን የኦፕሽን ገንዘብ ነው።

አፈር ለመመርመር የመጡት ልጆችም መሬቱ ሳይደርቅ በከባድ መኪና ገብተው ማሳው ስር የተቀበረውን የውሃ ማፍሰሻ ቱቦ ሰበሩት። እዚህ አገር እርሻ ያለው ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ቱቦው ከተሰበረ ውሃው ይተኛል፣ ውሃ የተኛበት በቆሎ ደሞ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መሬቱን ተከራይቶ በቆሎና አኩሪ አተር እያፈራረቀ የሚያርሰው ጎረቤታችን ከኪራዩ ቀነሰብን፣ እውነቱን ነው፣ እኛም አልተከራከርነውም። ፎቶውን ልከንላችኋል፣ "ለሚመለከተው ክፍል ተላልፏል" ከሚል መልስ በቀር ምንም የለም። ዛሬም አልተጠገነም። ለነገሩ አፈር ለመመርመር ብቻ ገብታችሁ ቱቦ ከሰበራችሁ ያን ሁሉ የብረት ምሰሶ ስትተክሉ ምን ልታደርጉ ነው?

አሁን ዋናው ጥያቄ። ጁላይ 4 2025 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት እስከ ጁላይ 4 2026 ግንባታ ያልጀመረ ሶላር የታክስ ክሬዲቱን (ከድርጅቱ የፌዴራል ታክስ ላይ የሚቀነሰውን) ለማግኘት እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ አልቆ ሥራ መጀመር አለበት። ሠራተኛችሁ ባለፈው በቴክስት "አታስቡ ፓነል ገዝተናል" አለን። እኛም አንብበናል እኮ! የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ኦገስት 2025 ላይ ባወጣው መመሪያ ከ1.5 ሜጋዋት በላይ ለሆነ ፕሮጀክት ግንባታ ጀምሯል ለመባል ከጠቅላላ ወጪው 5 በመቶ አውጥቻለሁ ማለት ከሴፕቴምበር 2 2025 ወዲህ አይበቃም፣ ተጨባጭ የግንባታ ሥራ መጀመር አለበት። ፓነሉ የተገዛው ከዛ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለኛ ፕሮጀክት ነው ወይስ ለማንም እንዲሆን መጋዘን የተቀመጠ? የኤሌክትሪክ ድርጅቱ ኤክሴል ጋ ያስገባችሁት የኢንተርኮኔክሽን (ከመስመሩ ጋር የመገናኘት) ማመልከቻስ የት ደረሰ፣ ሰብስቴሽኑ (የአካባቢው የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ተጨማሪ ኃይል የሚቀበልበት ቦታ አለው የለውም? መንገድ ዳር ሶስት ፌዝ (ከፍተኛ ኃይል የሚሸከም) መስመር አለ ብቻ መልስ አይሆንም።

ሌላው ታክስ ነው። መሬቱ ከእርሻ ሲወጣ ግሪን ኤከርስ የሚባለው የእርሻ መሬት የታክስ ቅናሽ ይቀራል፣ የ3 ዓመት ልዩነቱም ወደኋላ ተቆጥሮ ይጠየቃል፣ ከ1 ሜጋዋት በላይ ሲሆን ደሞ መሬቱ ለፕሮፐርቲ ታክስ እንደ ንግድ ቦታ ነው የሚመደበው። ሠራተኛችሁ ይሄን ሁሉ ድርጅቱ ይከፍላል ብሎ በአፉ ነግሮናል፣ የሊዙ ረቂቅ ላይ ግን የለም። በነገራችን ላይ ፓነሉ ስር አበባ ዘርታችሁ ንብ ታረባላችሁ፣ ማር ትቆርጣላችሁ፣ ጠጅ ትጥላላችሁ ያለንም እሱው ነው፣ እሱም ረቂቁ ላይ የለም።

ስለዚህ የምንፈልገው ሁለት አንዱን ነው። ትሠራላችሁ ከሆነ የማመልከቻውን ደረጃና ግንባታ የሚጀመርበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቁን፣ ታክሱን ማን እንደሚከፍልና ሊዙ ሲያልቅ ብረቱን ማን በምን ዋስትና እንደሚነቅል ውሉ ውስጥ አስገቡ። አትሠሩም ከሆነ ኦፕሽኑን ልቀቁ፣ መልቀቂያውን ኖተራይዝ አድርጋችሁ ካውንቲ አስመዝግቡና ኮፒውን ላኩልን። በዚህም ሆነ በዚያ ቱቦው የናንተ ዕዳ ነው፣ የጎደለብን ኪራይም እንደዚሁ። ጎረቤታችን ዘርና ማዳበሪያ መግዛት ስላለበት በረዶው ሳይቀልጥ መልስ እንፈልጋለን። በስልክ አይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ኮፒው ለጠበቃችንም ይድረስ።

ባለመሬቶቹ