ማይኩን ትተን መጀመሪያ ጽሑፉን እንፈትሽ
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች!

የድምፅ ረዳታችን ትእዛዝ ሲስት ሁላችንም ማይክሮፎኑ ላይ እንጮሃለን። ግን ድምፁ በትክክል ወደ ጽሑፍ ተቀይሮም ኢንተንቱ (ረዳቱ ከንግግሩ የተረዳው ፍላጎት) ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ መጀመሪያ በተርሚናል ስክሪፕቱ (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት በሚሠራው አጭር ፕሮግራም) እንሞክር፤ ዓረፍተ ነገር ትጽፉለታላችሁ፣ እሱ የተዛመደውን ኢንተንትና ያወጣቸውን ቃላት በጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ይመልሳል። ሆም አሲስታንት የተባለው የቤት ዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚጠቀምበት ሃሲል የተባለ ዓረፍተ ነገር አዛማጅም የሚሠራው እንዲህ ነው። አብነቶቹ፣ ማለትም የጻፍነው ዓረፍተ ነገር የሚዛመድባቸው ናሙናዎች፣ በያምል ፋይል (ሰው በቀላሉ በሚያነበው የጽሑፍ ቅርጽ) ይጻፋሉ፣ ሊቀር የሚችል ቃል በካሬ ቅንፍ፣ አማራጮች ደግሞ በክብ ቅንፍ ውስጥ በቋሚ መስመር ተለይተው ይገባሉ።

አማርኛ ላይ ግን ገና ብዙ ሥራ አለ። «መብራቱን አብራ» ብላችሁ ብቻ እንዳትተዉት፤ «አብሪ» አለ፣ «አብሩልኝ» አለ፣ ለትልቅ ሰው «ያብሩልኝ» አለ። የቦታ ስምም እንደዚያው ነው። «የኮምቦልቻ»፣ «ለኮምቦልቻ»፣ «ከኮምቦልቻ» ለእኛ አንድ ከተማ ናቸው፣ ስክሪፕቱ ግን ፊት ያለችውን ፊደል ካልነጠልንለት አያውቃቸውም። «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»ም ቀድመው ወደ አንድ አጻጻፍ ይምጡ።

አጥብቄ የምለምናችሁ፣ ከየትኛውም ትእዛዝ ጋር የማይዛመዱ ዓረፍተ ነገሮችንም አስገቡ። «የባቲ ገበያ ሰኞ ነው አይደል?» ሲባል መብራት የሚያጠፋ ረዳት ለማን ይጠቅማል? አልገባኝም ይበል፣ በቃ።

ፋይሉን ግሩፑ ላይ ለጥፌዋለሁ። አያቶቻችሁ ቤት ውስጥ የሚሉትን እንደወረደ ጨምሩበት፣ እንዳታርሙት።