የተሸነፋችሁበትን ጨዋታ ይዛችሁ ኑ

ሰላም ለሁላችሁም፣

በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን አንድ የቆየ የቼዝ ሽንፈታችንን ይዘን እንምጣ። ያሸነፍነውንማ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

አደራ፣ ኮምፒውተሩን ቶሎ አትክፈቱት። መጀመሪያ በራሳችሁ ጭንቅላት እዩት። ንግሥቷ የተበላችበት ቦታ ላይ አታቁሙ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ ነው የሚሠራው። ወደ ኋላ ሂዱ። ተጋጣሚያችሁ ምን እንዳሰበ ያኔ ጠይቃችሁ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ ከተባለው የቼዝ ኮምፒውተር ጋር ያደረገውን ስድስተኛ ጨዋታ ተመልከቱ። ካስፓሮቭ በጥቁር ካሮ-ካን የተባለውን የመክፈቻ መከላከያ ነው የተጫወተው። በ7ኛው እርምጃ የጠርዙን ወታደር አንድ ቤት ገፋ። እርምጃው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ግን መጀመሪያ ጳጳሱ መውጣት ነበረበት። ኮምፒውተሩ ወዲያው ፈረሱን ሠውቶ የንጉሡን መከላከያ ከፈተው። በ19ኛው እርምጃ ጨዋታው አለቀ። እኔ ይህን ጨዋታ በጣም የምወደው ለዚህ ነው፦ የሚታወቅ እርምጃ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ምን እንደሚያመጣ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የእናንተም ሽንፈት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጉ።

ጨዋታውን የመዘገባችሁበት ወረቀት ከጠፋ የምታስታውሱትን ያህል ጻፉ። ቦርዱ ላይ አብረን እንሞላዋለን።