ጊደር ሲሰጥ መኖውም ይታሰብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ለድሃ ቤተሰብ የሚረባ እንስሳ መስጠት እርጥባን ከመስጠት እንደሚበልጥ አምናለሁ። ሄይፈር ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1944 ጊደሮችን ወደ ፖርቶ ሪኮ በመላክ ሥራውን ሲጀምር፣ ተቀባዩ መጀመሪያ የምትወለደውን ሴት ጥጃ ለሌላ ችግረኛ እንዲያስተላልፍ ያወጣው ደንብ ተረጂውን ራሱን ሰጪ ስለሚያደርገው እጅግ ያስደስተኛል። ላሙን ለርቢ ሰጥቶ የተወለደውን መካፈል ለሚያውቀው የእኛ ገበሬም እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በጣና ዙሪያ ግን ጊደሯ ብቻዋን አትበቃም። በፎገራ ሜዳ ከብት ይሰማራበት ከነበረው መሬት ብዙው ዛሬ ሩዝ ይዘራበታል፤ የሐይቁንም ዳር እምቦጭ ወርሮታል። የሩዝ ገለባ ሆድ ይሞላ እንደሆነ እንጂ ወተት አያወርድም። ውሃ በተኛበት ሣር ላይ የምትግጥ ላም ደግሞ ከቀንድ አውጣ የሚነሣው የጉበት ትል ይይዛትና አገጯ ሥር አብጦ፣ ጎኗ ገብቶ፣ ባለቤቷ በዓይኑ እያየ ትመነምናለች።

ስለዚህ በጎ አድራጊዎች ርጥበቱን የለመደውን የፎገራን ዝርያ እንዲያስቀድሙ፣ ዝርያውን ሲያረባ የኖረውን የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል እንዲያማክሩ፣ የመጀመሪያውን ዓመት መኖና የትል መድኃኒት ከስጦታው ጋር እንዲመድቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ግጦሽ ለሌላት እናት የፈንግል ክትባት የተከተቡ ጥቂት ዶሮዎች ይሻሏታል፤ እንቁላሉ ከፊሉ ለልጆቿ ገበታ፣ ከፊሉ ለጨውና ለደብተር መግዣ ይሆናታል።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር