የአይረን ክኒን በሻይ በወተት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ሴቶችና ቫይታሚን ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሌላውን ልተወውና ለደም ማነስ ስለሚሰጠው የአይረን (የብረት ማዕድን) ክኒን የተጻፈችው አንዷ መስመር አንገበገበችኝ። «የአይረን ክኒን ሆድ እንዳይረብሽ ከቁርስ ጋር በወተት ወይም በሻይ ቢወሰድ ይመረጣል» ትላለች። ማን ነው የመረጠው?

እኛ ድሬዎች ጠዋት ሻይ በወተት ካልጠጣን ዓይናችን አይገለጥም። በሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን የሚሉት ንጥረ ነገር አይረኑን ጠፍንጎ ይይዘዋል። የወተቱ ካልሲየም ደግሞ በበኩሉ ወደ ደም እንዳይገባ ይሻማዋል። ሁለቱንም ባንድ ብርጭቆ እንድንጋት መከራችሁን። እግዜር ይስጥልን!

ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ እዚሁ ከተማ አንድ ጤና ተቋም ይህንኑ ነገሩኝ። 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ያለበትን ክኒን አንድም ቀን ሳላዛንፍ ዋጥኩ። ሄሞግሎቢኔ፣ የደም መጠኔ ማለቴ ነው፣ ግን ንቅንቅ አላለም። ለእርጉዝ ከ11 ግራም በዴሲሊትር መውረድ የለበትም፤ የኔ 9 ላይ ተገትሮ ቀረ። «ትጥይዋለሽ አይደል?» እያሉ ገላመጡኝ። በምን እንደምውጠው የጠየቀኝ የለም። ኋላ አንዲት ሲስተር «ከሻይሽ ሁለት ሰዓት አርቂው፣ ብርቱካን ወይም ዘይቱን (ጓቫ) ብዪበት» አለችኝ። ቫይታሚን ሲ አይረኑ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛላ! ሆድ ከረበሸም ትንሽ ምግብ ይበቃል፤ የግድ ወተት አይደለም።

ክኒኑ አይረባም አላልኩም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን ይመክራል። ግን አወሳሰዱ ከተበላሸ ምን ዋጋ አለው?

«የአገራችን ሴቶች» ብላችሁ ጀምራችሁ ያነጋገራችኋቸው ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው። አገሩ ቃሊቲ ላይ ያልቃል እንዴ? እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ብቅ ብትሉ ኖሮ ከሽቶና ከብስኩት ጎን የተደረደረውን የክኒን ጠርሙስ ታዩ ነበር። አይረኑም ካልሲየሙም ዚንኩም ባንድ ላይ ታጭቆ! ልጃገረዶቹ ለፀጉር ብለው ዚንኩን ለብቻው ይደርቡበታል። ዚንክ ለረዥም ጊዜ ሲበዛ በሰውነት ያለውን መዳብ ያወርዳል፤ መዳብ ሲጎድል ደግሞ ያው ደም ማነስ ይመጣል። ይህን ከእናንተ እንጂ ከሽቶ ሻጩ ልንሰማ ነው?

ማስተካከያ ካወጣችሁ እንደ ልማዳችሁ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር እንዳትወሽቋት። ዘገባው የወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይሁን።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ