«በብዛት የተፈለጉ» ከማለታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በመጨረሻው ገጽ የምታወጡት «ኢትዮጵያውያን በሳምንቱ በኢንተርኔት በብዛት የፈለጓቸው» የሚለው ዓምድ ተነባቢ ነው፤ ሻይ ቤት ውስጥም ሲያከራክር ይሰማል። ዓምዱ ይቅር አንልም። ችግሩ ርዕሱ የሚለውና ሠንጠረዡ የሚያሳየው አለመገናኘታቸው ነው። «በብዛት የተፈለገ» ተብሎ የሚታተመው አብዛኛውን ጊዜ «ከወትሮው በላይ የተፈለገ» ነው።

በየትኛውም ሳምንት በርግጥ በብዛት የሚፈለጉት ቃላት አሰልቺ ናቸው። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ትርጉም፣ የእግር ኳስ ውጤት። ሰው ሙሉ አድራሻ መጻፍ ሲታክተው የድረ ገጹን ስም ጉግል ላይ ጽፎ ይገባል፤ ይህም እንደ ፍለጋ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ዝርዝር በየሳምንቱ ቢታተም አንባቢ ስለማይኖረው ጉግል ራሱ በየዓመቱ መጨረሻ የሚያወጣው ዝርዝር የሚለካው ጭማሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም አቀፉ ዝርዝር አንደኛ የወጣው «ዎርድል» የተባለው የቃላት ጨዋታ ነበር። ፌስቡክን በልጦ አልነበረም፤ ከዓመት በፊት የሚያውቀው ሰው እጅግ ጥቂት ስለነበረ ጭማሪው ሰማይ ነካ።

ጉግል ትሬንድስን፣ ማለትም ጉግል ሰው ምን እንደሚፈልግ የሚያሳይበትን ድረ ገጽ፣ የከፈተ ሰው ከግራፉ ሥር ሁለት ዓይነት ዝርዝር ያገኛል። አንደኛው በብዛት የተፈለጉትን፣ ሁለተኛው እየጨመሩ ያሉትን ያሳያል። ገጹ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው ሁለተኛው ስለሆነ ቸኩሎ የሚገለብጥ ሰው እሱን ይወስዳል። ጭማሪው ከ5000 በመቶ ካለፈ ደግሞ በቁጥሩ ቦታ «ብሬክአውት» የሚል ቃል ይገባል። 5000 በመቶ መጨመር 51 እጥፍ መሆን ነው፤ ይህም ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት 2 ሰው የፈለገውን ቃል በዚህ ሳምንት 110 ሰው ቢፈልገው መስፈርቱን ያልፋል። 110 ሰው በአንድ አውቶቡስ ተጠጋግቶ የሚሄድ ሕዝብ ነው፤ «ኢትዮጵያውያን» ብሎ ርዕስ ለመስጠት አይበቃም።

በግራፉ ላይ የሚታየው ከ0 እስከ 100 ያለው ቁጥርም የሰው ብዛት አይደለም። የሚለካው ቃሉ በዚያ ቦታና ጊዜ ከተደረጉት ፍለጋዎች ሁሉ የያዘውን ድርሻ ነው፤ ድርሻው ከፍተኛ የሆነበት ጊዜ 100 ይባልና ሌላው ከእሱ አንጻር ይሰጠዋል። እንበል ቀን ላይ ከ100,000 ፍለጋ 1,000ው ስለ አንድ ጉዳይ ነበር፤ ድርሻው 1 በመቶ ነው። ሌሊት ከ40,000 ፍለጋ 600ው ስለዚያው ጉዳይ ቢሆን ድርሻው 1.5 በመቶ ይሆናል። ፈላጊው በ400 ቀነሰ፣ ግራፉ ግን ወደ ላይ ወጣ። «ፍላጎቱ ሌሊት ላይ ጨመረ» የሚል ዜና የሚወለደው እንዲህ ነው። 0 ማለትም ማንም አልፈለገም ማለት አይደለም፤ ለመቁጠር የሚበቃ መረጃ አልተገኘም ማለት ነው።

የውጭ ጋዜጦችም በዚህ ተሰናክለዋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጠች ማግስት፣ የጉግል ትሬንድስ ገጽ «የአውሮፓ ኅብረት ምንድን ነው» የሚለው በአገሪቱ ስለ ኅብረቱ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁለተኛ መሆኑን ጻፈ። «ስለ ኅብረቱ ከተጠየቁት» የምትለዋ ሐረግ መንገድ ላይ ወደቀችና ሕዝቡ የመረጠውን ሳያውቅ መረጠ የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። በመልእክቱ ውስጥ የጠያቂ ብዛት የሚባል ነገር አልነበረም።

የኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ዓምዳችሁ ከሁሉ በላይ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ላሊበላ ላይ የታየውን ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ እንውሰድ። የዚያን ሳምንት ፍለጋ ለመቁጠር «ፀሐይ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያገኘው በዚያው ፊደል የጻፉትን ብቻ ነው። መሣሪያው የአጻጻፍ ልዩነትን አያዋህድም። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። 2 በ6 ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ቅጥያዎቻችን ከቃሉ ጋር ስለሚጣበቁ «የፀሐይ» ለኮምፒውተሩ ከ«ፀሐይ» የተለየ ሌላ ቃል ነው። በ«የ» ብቻ 12ቱ 24 ሆኑ፤ «በ»፣ «ለ» እና «ከ» ገና አልተነኩም። እንግሊዝኛ አንዱን ቃል በአንድ ሳጥን ሲሰበስብ አማርኛው ይበታተናል። ከዚያ «ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ነው የሚፈልጉት» የሚል ድምዳሜ ይከተላል። ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ቆጠራ ግን አይታወቅም።

መፍትሔ አለው። የመጀመሪያውና ቀላሉ፣ ሞክሼ ፊደል የሌለበትን ቃል መምረጥ ነው። «ግርዶሽ» አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ነው ያለው፤ «የ» የሚለው ቅጥያም ብዙ ጊዜ አይገባበትም። ስለዚህ «የፀሐይ ግርዶሽ»ን ትቶ «ግርዶሽ»ን ብቻ መቁጠር ይሻላል። ከስሕተትም ያድናል፤ «ፀሐይ» የሰው ስምም የዘፈን ቃልም ነውና፤ ዛሬ ቢሆን ፀሐይ ባንክም ይጨመርበታል። እንዲህ ያለ ቃል ካልተገኘ የመደመር ምልክቱን (+) መጠቀም ነው። በአንዱ ሳጥን ውስጥ «ፀሐይ + ፀሀይ + ጸሀይ + ጸሐይ» ተብሎ ሲጻፍ ድምሩ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል። በኮማ ለይታችሁ ብትጽፉ ግን እንደ ተፎካካሪ ያወዳድራቸዋል፤ ይህ የተለመደ ስሕተት ነው። ሳጥኑ የሚይዘው ፊደል ውስን ስለሆነ 24ቱን ማጨቅ አይሞከር። በስልክ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ቀድመው የሚገኙት ጥቂቶቹ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ።

ሲደመር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ፀሓይ» እና «ጸሓይ» በትግርኛ የተለመዱ አጻጻፎች ናቸው። እነሱን ጨምሮ «የአማርኛ ተናጋሪዎች ፍለጋ» ማለት አይቻልም፤ ቦታው በኢትዮጵያ ካልተወሰነ ደግሞ የኤርትራም ፈላጊ ይገባበታል። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። እሱ «ጸ»ን በምን ፊደል እንደሚጽፍ ሕግ ስለሌለው ሙሉ በሙሉ መሰብሰብ አይቻልም፤ «በግዕዝ ፊደል ብቻ የተቆጠረ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ሳምንቱ። ሳምንት ለኛ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። ጉግል ትሬንድስ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ሲመረጥለት ሳምንቱን ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ይቆርጣል። ግርዶሹ የዋለው እሑድ ስለሆነ፣ «መቼ ነው? በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል?» ብለው ቀድመው የጠየቁት ከሰኔ 7 እስከ 13 ባለው ሳምንት፣ የግርዶሹን ፎቶ የፈለጉት ከሰኔ 14 እስከ 20 ባለው ሳምንት ይመዘገባሉ። አንድ ጉዳይ ለሁለት ይከፈልና በሁለቱም ሳምንት ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ የራሳችሁን ቀናት ሰኞ ጀምሮ እሑድ እንዲያበቃ በእጃችሁ ሙሉ። ከ30 ቀን በታች ለሆነ ጊዜ መሣሪያው የኮምፒውተራችሁን ሰዓት ይከተላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ወደ ግሪንዊች ሰዓት ይዞራል። በኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይሆናል ማለት ነው።

የዚያው ዓመት ሰኔ ሌላም ነገር ያስተምራል። ከግርዶሹ 9 ቀን በኋላ፣ ከሰኔ 23 ጀምሮ፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ግርዶሹን ለማየት ሙሉ ወሩን የመረጠ ሰው ይህን ጊዜ ይዞ ይገባል። ግራፉ ድርሻን እንጂ ብዛትን ስለማያሳይ ኢንተርኔት መጥፋቱን በቀጥታ አይናገርም። መስመሩ ወይ 0 ላይ ይተኛል፣ ወይ ግንኙነት በቀረላቸው ጥቂት ሰዎች ፍለጋ ምክንያት ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል። አንዱ ዝላይ 100 ከሆነ ደግሞ ግርዶሹ የዋለበት ቀን ከእሱ ሥር ይኮማተራል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡበት ጊዜ ጣጣው ሌላ መልክ ነበረው። በቪፒኤን (ገደብን ለማለፍ በሌላ አገር ኮምፒውተር በኩል በሚያገናኝ መተግበሪያ) የገባ ሰው ፍለጋው የሚመዘገበው ቪፒኤኑ በመረጠው አገር ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የጠየቀው ለሆላንድ ወይም ለአሜሪካ ይቆጠራል።

መሣሪያው የሚሠራው ከሁሉም ፍለጋዎች በተወሰደ ናሙና ነው። ብዙ ፈላጊ ባለበት አገር ልዩነቱ አይታይም፤ እንደኛ ባለው ግን ያው ጥያቄ ዛሬ 40፣ ነገ 55 ሊሰጥ ይችላል። በሦስት የተለያዩ ቀናት አውርዶ አማካዩን መውሰድ ነው። ሌላው መጥፎ ልማድ፣ «በቂ መረጃ የለም» የሚል መልስ ሲመጣ ዝርዝር እስኪወጣ ጊዜውን ወደ 12 ወር መለጠጥና «የሳምንቱ» ብሎ ማተም ነው። መረጃ ከሌለ በዚያ ሳምንት ዓምዱን የምግብ አሠራር ብታወጡበት ማንም አይከፋም።

የማይቆጠረውም ብዙ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ተማሪው የፈተናዎች አገልግሎትን ድረ ገጽ በቀጥታ ከከፈተ፣ ወይም በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ከጠየቀ ጉግል አያየውም። ስለዚህ የውጤት ሰሞን «ውጤት» የሚለው ቃል ዝቅ ብሎ ቢታይ ፍላጎት ጠፍቶ አይደለም። በቲክቶክ ውስጥ የሚፈለገውም እንዲሁ ከቆጠራው ውጭ ነው። የዩቲዩብ ፍለጋ በዚያው መሣሪያ ከላይ ካለው ምርጫ ተለይቶ ይታያል፤ የዘፈንና የድራማ ጉዳይ ሲሆን እሱን ነው ማየት።

እርግጠኛ ቁጥር ለሚፈልግ ዊኪፒዲያ ይሻላል፤ እያንዳንዱ ገጽ በቀን ስንት ጊዜ እንደታየ ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ የቻትጂፒቲ ገጽ ከ49 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል፤ ይህ ድርሻ ሳይሆን ቆጠራ ነው። ሆኖም የሚቆጠረው ቋንቋ እንጂ አገር አይደለም። የአማርኛውን ገጽ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭና ዱባይ ያለውም ያነባል። ወደ 15 ሺህ ገደማ ገጾች ብቻ ስላሉት ደግሞ አንድ ኮምፒውተር በራሱ እየደጋገመ ቢከፍት ዝርዝሩን ያናጋል። ሲታይ «ተጠቃሚ» የሚለውን መርጦ ሮቦቶችን ማስወጣት፣ ዋናውን ገጽና የፍለጋውን ገጽ መሰረዝ፣ ከዚያ ከሞባይል የመጣውን ድርሻ ማየት ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛው አርታኢዎች ሳምንታዊውን የ25 ገጾች ዝርዝራቸውን ሲያወጡ ከሞባይል የመጣው ድርሻ በግምት ከ5 በመቶ በታች ወይም ከ95 በመቶ በላይ የሆነበትን ገጽ ይጥላሉ። የሰው ንባብ ከሞባይልም ከኮምፒውተርም ነው የሚመጣው።

ይህን ሁሉ አንባቢው ላይ ጫኑበት አንልም። ከሠንጠረዡ ሥር በትንሽ ፊደል ሁለት መስመር ይበቃል፤ ለምሳሌ፦ «ከወትሮው በላይ የተፈለጉ ቃላት። ጉግል ትሬንድስ፣ የድር ፍለጋ፣ ኢትዮጵያ፤ ከሰኞ እስከ እሑድ። በግዕዝ ፊደል፣ የተለያዩ አጻጻፎች ተደምረው፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ተወስዶ የተሰላ አማካይ።»

ከአክብሮት ጋር፤
የፍለጋ መረጃ የሚያጠኑ አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ