ለደንበኞቻችን፦ የምት ስልጠናውን ለምን በቪዲዮ እንደምናደርገው

ውድ ሰልጣኞችና ወላጆች፣

ከጥቅምት ጀምሮ እዚህ ጎንደር የምንሰጠው የኳስ ምት ስልጠና በቪዲዮ የሚታገዝ ይሆናል። «ልጁ ሜዳ ላይ ይልፋ እንጂ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ምን ያደርግለታል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን ምክንያቱ ይኸውና።

እግርና ኳስ የሚነካኩት ለሰከንድ አንድ መቶኛ (10 ሚሊሰከንድ) ያህል ነው። ዓይን ይህን አይዝም። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ስልክም አይዝም፤ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል 33 ሚሊሰከንድ ስላለ ምቱ በመሃል ሊያመልጥ ይችላል። በስሎው ሞሽን (በዝግታ በሚታይ ቀረጻ) በሰከንድ 240 ምስል ሲነሳ ግን ክፍተቱ ወደ 4 ሚሊሰከንድ ይወርዳል፤ ንክኪው ሁለት ምስል ላይ ይገኛል።

የምንቀርጸው ከሁለት ቦታ ነው፦ በሚመታው እግር በኩል ከጎን፣ 5 ሜትር ያህል ርቀን በወገብ ከፍታ፤ ከዚያም ከኋላ፣ ከኳሷና ከግቡ ጋር በአንድ መስመር። ስልኩ ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ በእጅ ከተያዘ የሰውነት ማዘንበልና የስልኩ መንቀጥቀጥ አይለዩም። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ አትጠቀሙ፤ ጠርዝ ላይ ያለውን ሰው ስለሚለጥጠው ቀጥ ያለው የተጋደመ ይመስላል። ስሎው ሞሽን ብርሃን ይፈልጋል፤ አመሻሽ ላይ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቀረጻው ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ፀሐይ ከቀራጩ ጀርባ ሆና ነው።

አንድ ምት ያሳስታል፤ ከአንድ ቦታ አምስት እንቀርጻለን።

መጀመሪያ የምናየው የሚመታውን እግር ሳይሆን የቆመውን ነው። ለጠንካራ ምት የቆመው እግር ከኳሷ ጎን፣ ከስንዝር ትንሽ አለፍ ብሎ ማረፍ አለበት። ወደ ኋላ ቀርቶ ካረፈ ደረት ወደ ኋላ ይንጋደዳል፣ የሚመታው እግር ከኳሷ ሥር ይገባል፣ ኳሷም 2.44 ሜትር ላይ ካለው አግዳሚ በላይ ትሄዳለች። ለዚህ ልጅ «ደረትህን ኳሷ ላይ ጣል» ማለት የተለመደ ምክር ነው፤ እኛ ግን አንመክረውም። መንጋደዱ የእግሩ አቀማመጥ ውጤት ነው፤ እግሩ ቦታውን ሲያገኝ ደረቱ ራሱ ይስተካከላል። የቆመው እግር ኳሷ ላይ ከተጠጋ ደግሞ የሚመታው እግር ማለፊያ ያጣል፤ ይህ በደንብ የሚታየው ከኋላ በተነሳው ቪዲዮ ነው።

በአንድ ክፍለ ጊዜ የምናርመው አንድ ስህተት ብቻ ነው። ሦስት ነገር የተነገረው ልጅ ኳሷ ጋ ሲደርስ ሦስቱንም ይረሳል። የእግሩን ማረፊያ በኖራ እናሰምራለን፣ አስር ጊዜ በዝግታ ያለ ኳስ ይረግጣል፣ ከዚያ አምስት ምት እንደገና ተቀርጾ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ቪዲዮ የሚታይበት ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፤ የቀረው ሜዳ ላይ ነው።

ቤት ለምትቀርጹ፦ አንዳንድ ስልክ 240 ይበል እንጂ መሃል ያሉትን ምስሎች ራሱ ፈጥሮ ይሞላል። የኳሷ ጠርዝ ድርብ ሆኖ ከታየ ያን ቪዲዮ አትመኑት።

የልጆቹን ቪዲዮ ለወላጅ ብቻ እንሰጣለን፤ ያለ ፈቃዳችሁ ለማንም አናሳይም።

ልጃችሁ በጨዋታ የሚያደርገውን ጫማ ይዞ ይምጣ። በስኒከር የተለማመደው የእግር አቀማመጥ በታኬታ ጫማ ይለወጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አሰልጣኞቹ